የቀስት መሳቢያ ክብደት

የቀስት መሳቢያ ክብደት ማለት የአንድን ቀስት አውታር እስከ ተወሰነ ርቀት ወደ ኋላ ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በፓውንድ ይለካል፤ 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የቀስቱ የራሱ ክብደት ማለት ግን አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም የማይሞላ የእንጨት ቀስት 50 ፓውንድ (22.7 ኪ.ግ.) የመሳቢያ ክብደት ሊኖረው ይችላል።

በቀስት ለሚያድን ሰው ይህ ቁጥር ሁለት ነገሮችን ይወስናል፦ አንደኛው ፍላጻው እንስሳው ዘንድ ሲደርስ የሚኖረው ኃይል ነው፤ ሁለተኛው አዳኙ አውታሩን ስቦ ሳይንቀጠቀጥ ማነጣጠር መቻሉ ነው። ክብደቱ ሲጨምር የመጀመሪያው ይጨምራል፣ ሁለተኛው ግን ይቀንሳል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ብቻ በመመልከት ነው። የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ከአዳኙ ትከሻ ይልቅ ቆስሎ የሚያመልጠው እንስሳ ነው።

ስለ ቃሎቹ

በአማርኛ ንግግር «ቀስት» አንዳንዴ ለጎባጣው መሣሪያ፣ አንዳንዴም ለሚወረወረው ዘንግ ይነገራል። «ቀስተ ደመና» የሚለው ስም እንደሚያሳየው ግን የቃሉ ዋና ትርጉም ጎባጣው መሣሪያ ነው፤ የሚወረወረው ፍላጻ ይባላል። ጎባጣው መሣሪያ ደጋን ተብሎም ይጠራል። ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያም ደጋን ነው፤ አሠራሩም ያው የተወጠረ አውታርና የጎበጠ እንጨት ስለሆነ አንድ ስም መጋራታቸው አያስገርምም። አውታርን መሳብ በቆየው አማርኛ ቀስት መገተር ይባላል።

አለካክ

በፋብሪካ በተሠሩ ቀስቶች ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 45 ፓውንድ፣ አውታሩ 28 ኢንች (71 ሳ.ሜ.) ሲሳብ የሚለካ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው 28 ኢንች አይስብም። የሚሳበው ርቀት በክንድ ርዝመት ስለሚወሰን አጭር ክንድ ያለው ሰው 26 ኢንች ላይ ሊያቆም ይችላል። በተለመዱት ቀስቶች እያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ልዩነት ስለሚያመጣ፣ ይህ ሰው 45 የተጻፈበትን ቀስት ሲስብ በእጁ ላይ የሚያርፈው ከ39 እስከ 41 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። ረጅም ክንድ ያለው ሰው ደግሞ ከተጻፈው በላይ ይሸከማል።

በእጅ በተሠራ ቀስት ላይ ምንም ቁጥር አይኖርም። ሆኖም ባሕር ዳርን በመሰለ ከተማ ዓሣ ወይም ሥጋ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን ለልኬቱ ይበቃል። የሚዛኑ መንጠቆ በአውታሩ መካከል ገብቶ ባለቤቱ በተለምዶ እስከሚስብበት ርቀት በዝግታ ይሳባል፤ በዚያ ቅጽበት ሚዛኑ የሚያሳየው የመሳቢያ ክብደቱ ነው። አውታሩ ከመንጠቆው እንዳያመልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፍላጻ ሳይኖርበት የተለቀቀ ቀስት ኃይሉን ሁሉ በራሱ ላይ ስለሚጨርስ ሊሰበር ይችላል።

ቁጥሩን በዕለት ተዕለት ነገር ለመገመት የውኃ ጀሪካን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ማለትም 44 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ስለዚህ 45 ፓውንድ ቀስት የሚስብ ሰው የሞላ ጀሪካን በሦስት ጣቶቹ አንጠልጥሎ፣ ያውም እጁን ወደ አገጩ አምጥቶ፣ ሳይንቀሳቀስ እንደ መቆም ያለ ሥራ ይሠራል። ጀሪካኑን ማንሳት የሚችል ሰው ብዙ ነው። እንዲያ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ ሩቅ ያለን ነጥብ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ክብደት መጨመር ምን ያህል ይጠቅማል?

በተሳበ ቀስት ውስጥ የሚከማቸው ኃይል በግምት የመሳቢያ ክብደቱና አውታሩ የተጓዘው ርቀት ተባዝተው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ 50 ፓውንድ (222 ኒውተን) የሆነ ቀስት አውታሩ 51 ሳ.ሜ. ከተጓዘ 56 ጁል ገደማ ያከማቻል። ከዚህ ከመቶ 70 ያህሉ ወደ ፍላጻው ቢተላለፍ 40 ጁል ይሆናል። 30 ግራም የሚመዝን ፍላጻም በሴኮንድ 52 ሜትር ያህል ይወጣል።

ያው ፍላጻ በ60 ፓውንድ ቀስት ቢወረወር አዳኙ የሚሸከመው ኃይል ከመቶ 20 ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን የሚጨምረው ከመቶ 10 ባነሰ ነው፤ በሴኮንድ 56 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምክንያቱም የፍላጻ ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ላይ የመጀመሪያው ፍላጻ በስበት 74 ሳ.ሜ. ያህል ሲወርድ ሁለተኛው 62 ሳ.ሜ. ይወርዳል። የ12 ሳ.ሜ. ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በልምምድ የሚታወቅና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀስተኛው አስቦበት ሊያነጣጥር ይችላል። ከአቅም በላይ የሆነ ቀስት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ግን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ ስለሚሆን ሊታሰብበት አይችልም።

ፍላጻ የሚገድልበት መንገድም ከጥይት ይለያል። ጥይት በከፍተኛ ፍጥነቱ ሰውነትን ያናውጣል። ፍላጻ ግን የሚገድለው በስለቱ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባ ወይም ልብ ላይ ያረፈ ስለታም ፍላጻ በ45 ፓውንድ ቀስት ተወርውሮ ድኩላን የሚያህል እንስሳ በደቂቃ ውስጥ ሊጥል ይችላል፤ ሆድ ወይም ጭን ላይ ያረፈ ፍላጻ ግን በ70 ፓውንድም ቢሆን እንስሳውን ለሰዓታት አሠቃይቶ ያስመልጠዋል። በካሊፎርኒያ ከያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው የነበረው ኢሺ (እ.ኤ.አ. 1916 ዓ.ም. የሞተው) አጋዘን ያድን የነበረው ከ40 እስከ 50 ፓውንድ በሚሆን ቀስት ነበር። ትልቁ መከላከያው ክብደቱ ሳይሆን በዝግታ ወደ እንስሳው መቅረቡ ነበር።

የሚመች ክብደት እንዴት ይመረጣል?

ቀስት ጨርሶ ይዞ ለማያውቅ አዋቂ ሰው ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚሆን ቀስት ለመማሪያ ይበቃል። በዚህ ለአደን መውጣት አይገባም፤ ሰውነት ግን ትክክለኛውን አሳሳብ የሚለምደው በዚህ ነው። ከዚያ በየጥቂት ወሩ ከ2 እስከ 5 ፓውንድ እየጨመሩ መሄድ የተለመደ ነው። መካከለኛ እንስሳት ለሚታደኑበት አደን ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ40 እስከ 50 ፓውንድ ነው።

አንድ ቀስት ለአንድ ሰው እንደሚስማማ የሚታወቀው በአሳሳቡ ነው። ቀስተኛው ክንዱን ወደ ዒላማው ዘርግቶ አውታሩን በቀጥታ፣ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ መሳብ መቻል አለበት። ቀስቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ በመላ ሰውነቱ እየታገለ የሚስብ ከሆነ ክብደቱ በዝቶበታል። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ እንስሳውንም ያስበረግጋል። ሌላው መፈተኛ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮና ጎንበስ ብሎ መሳብ ነው፤ በጫካና በሐይቅ ዳር እንደ ልምምድ ሜዳ ቀጥ ብሎ መቆም ብዙ ጊዜ አይቻልም። ከ30 ፍላጻ በኋላ ያለው ሁኔታም መታየት አለበት። ነገር ግን በአደን ላይ አንድ ሰው ሳይሟሟቅ፣ በማለዳ ብርድ፣ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ አንዴ ብቻ ስለሚስብ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የቀኑ የመጀመሪያ ስበት ነው።

ከአቅም በላይ መሆኑን የሚያሳዩ ሌሎች ምልክቶች አሉ፦ የትከሻ ሕመም፣ አውታሩ አገጭ ጋር ሳይደርስ መልቀቅ፣ ወይም ከተሳበ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መመለሱ። የትከሻ መጋጠሚያን ይዘው የሚያዞሩት ትንንሽ ጅማቶች አንዴ ከተጎዱ ለመዳን ወራት ይወስዳሉ። እንግሊዛዊው የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥሞ በ1982 ሲወጣ ከመቶ ፓውንድ በላይ እንደሚሆኑ የተገመቱ ቀስቶች ተገኝተውበታል። እነዚህን ይስቡ የነበሩት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠለጠኑ ወታደሮች ነበሩ፤ ዒላማቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሳይሆን የተሰለፈ ጦር ነበር። ስለዚህ ለአዳኝ ምሳሌ ሊሆኑ አይችሉም።

ኮምፓውንድ የሚባለው ዘመናዊ ቀስት ስሌቱን በከፊል ቀይሮታል። አሜሪካዊው ሆሊስ ዊልበር አለን የባለቤትነት ማረጋገጫውን እ.ኤ.አ. በ1969 ያገኘበት ይህ ቀስት ጫፎቹ ላይ ባሉት ተሽከርካሪዎች ምክንያት መጀመሪያ ይከብድና አውታሩ መጨረሻው አጠገብ ሲደርስ ይቀላል። ቅናሹ ከመቶ 80 ከሆነ ባለ 60 ፓውንድ ቀስት ተስቦ ሲያዝ 12 ፓውንድ (5.4 ኪ.ግ.) ብቻ ይከብዳል። ይህ ለማነጣጠር ጊዜ ይሰጣል። ሆኖም ሙሉው 60 ፓውንድ በመንገድ ላይ መታለፉ አይቀርም፤ ትከሻ የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

የቀስት ወሰንና የጣና ጉማሬ

የቀስት ኃይል የሚመጣው ከሰው ጀርባና ትከሻ ስለሆነ ወሰን አለው። ይህን በጣና ሐይቅ የነበረው አደን በደንብ ያሳያል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ለብዙ ዘመን የታወቁት ጉማሬ በማደን ሲሆን፣ ስማቸው የሚነሳው ከጦር ጋር እንጂ ከቀስት ጋር አይደለም። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ፣ ከአገው ምድር ባሻገር በመተከል ቆላ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ግን በቀስት ይታወቃል።

ልዩነቱ በታዳኙ እንስሳ መጠን ሊገባ ይችላል። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ቆዳው በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሳ.ሜ. ይወፍራል። ከላይ የተሰላው ባለ 50 ፓውንድ ቀስት ፍላጻ የሚይዘው ግፊት (ክብደት በፍጥነት ሲባዛ) 1.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ብቻ ነው። 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጦር በሴኮንድ 10 ሜትር ቢወረወር 20 ይሆናል፣ ማለትም ከ12 እጥፍ በላይ። ወፍራም ቆዳን ዘልቆ ለመግባት ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ይህ ግፊት ይፈለጋል። በዚያ ላይ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ ሆኖ 20 ኪሎ ግራም ወደ ጎን እየሳቡ ሚዛን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በጣና ላይ በታንኳ የተሻገረ ሰው ሁሉ መገመት ይችላል።

ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲገለሉ ኖረዋል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። አደኑ ቀርቶ በዓሣ ማስገር፣ በእርሻና በእጅ ሥራ ይተዳደራሉ፤ ታንኳ የመሥራት ሙያቸው ግን በባሕር ዳር ዳርቻ አሁንም ይታያል።

ሕግ

አንዳንድ አገሮች ዝቅተኛውን የመሳቢያ ክብደት በሕግ ወስነዋል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ለትልልቅ እንስሳት አደን 35 ፓውንድ፣ በአላስካ ደግሞ ለአጋዘን 40፣ ለሙስና ለቡናማ ድብ 50 ፓውንድ ይጠየቃል። ዴንማርክ በቀስት ማደንን ስትፈቅድ የመረጠችው በፓውንድ ፋንታ የፍላጻውን ኃይል በጁል መለካት ነው፤ ይህ ከላይ ከተገለጸው ስሌት አንጻር የተሻለ መለኪያ ነው። ብሪታንያ በ1981 ባወጣችው ሕግ የዱር እንስሳትን በቀስት ማደን ከልክላለች።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት አደን የሚተዳደረው በአዋጅ ሲሆን ያለ ፈቃድ ማደን፣ መሣሪያው ጠመንጃም ይሁን ቀስት፣ ያስቀጣል። የጣና ሐይቅና አካባቢው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ስለዚህ በባሕር ዳር አካባቢ ቀስት መሳብ የሚፈልግ ሰው ዒላማው ከድርቆሽ እስር ላይ የተለጠፈ ወረቀት መሆን አለበት፤ ለዚህም 25 ፓውንድ ከበቂ በላይ ነው።