ሰው መኖሩን የምትናገር ነጥብ

ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሜሴንጀር ላይ ከስም ጎን የምትበራ አረንጓዴ ነጥብ ናት፤ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ደግሞ «ኦንላይን» የምትል ቃል ናት። ሰው መልእክት ከመጻፉ በፊት ዓይኑ ወደ እሷ ይሄዳል። በርታ ካያት ይጽፋል፤ ጠፍታ ካገኛት ጉዳዩን ያሳድረዋል። ብዙ ነገር የሚወሰንባት ይህች ምልክት እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ለሚሠራትም ለሚያምናትም ይበጃል። ምክንያቱም ነጥቧ ስለ ሰውየው በቀጥታ የምታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀው መስመሩን ብቻ ነው።

ሐሳቡ ድረ ገጽን በዕድሜ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሌስ ኧርነስት የተባለ የስታንፎርድ ተመራማሪ «ፊንገር» የተሰኘ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ አንድ ኮምፒውተር ለሚጋሩ ባልደረቦች ማን ገብቶ እንደሚሠራ፣ ማን ደግሞ ቁልፍ ሳይነካ እንደቆየ ያሳያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 አይሲኪው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአሜሪካን ኦንላይን መልእክት መላኪያ የወዳጆችን ስም ዝርዝር ከነመኖር አለመኖራቸው ለብዙኃኑ አደረሱት።

ድረ ገጽ ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ብሮውዘሩ ገጽ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይልካል፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ገጹን የወሰደው ሰው እያነበበ ይሁን ወይስ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገድ ጀምሮ እንደሆነ ሰርቨሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የመጀመሪያው መላ ገጹ በየጥቂት ሰከንዱ እየተመላለሰ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነበር። መላው ይሠራል፤ ነገር ግን አብዛኛው ጥያቄ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የሰውንም ዳታና ባትሪ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዌብሶኬት የተባለው ደንብ ሲጸድቅ ነገሩ ተለወጠ። በዌብሶኬት ብሮውዘሩና ሰርቨሩ አንድ መስመር ይከፍቱና ሳይዘጉት ይቆያሉ፤ ሁለቱም በፈለጉ ጊዜ ይነጋገሩበታል።

ደሴ አጠገብ ገራዶ ያለ አትክልት አምራች ከከተማዋ ነጋዴዎች ጋር ዋጋ የሚነጋገርበት ድረ ገጽ እንሥራ እንበል። አንዲት ነጋዴ ገጹን ስትከፍት መስመር ይዘረጋል። ሰርቨሩ ስሟን ካሉት ሰዎች ዝርዝር ያስገባል፣ ለሌሎቹም ያስታውቃል፤ በአምራቹ ስልክ ላይ ነጥቧ ትበራለች። ነጋዴዋ ገጹን ስትዘጋ መስመሩ ይቋረጣል፣ ስሟ ይወጣል፣ ነጥቧ ትጠፋለች። እስከዚህ ያለው ቀላል ነው።

ከባዱ ሰው ሳይሰናበት ሲጠፋ ነው። ባትሪ ይዘጋል፤ ካርድ ያልቃል፤ መብራት ይሄዳል፤ መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ኔትወርክ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የመዝጊያው ምልክት ከሰርቨሩ አይደርስም፤ በእሱ በኩል መስመሩ ክፍት ነው፣ ዝም ብሏል እንጂ። ብዙዎቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ዝም ያለ መስመርን እንዲፈትሽ ቢታዘዝ እንኳ፣ አብሮት የመጣው ልክ ካልተቀየረ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። 2 ሰዓት ሙሉ የሌለው ሰው «አለ» እየተባለ ይቆያል ማለት ነው።

መፍትሔው የማዶ ለማዶ ጥሪ ነው። ከገራዶ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሁለት ሰዎች ሲጠራሩ «አቤት!» የሚል ድምፅ እስከመጣ ድረስ ባይተያዩም መኖራቸውን ያውቃሉ። ፕሮግራመሮች «ሃርትቢት» የሚሉት ይህንን ነው። የነጋዴዋ ስልክ በየተወሰነ ጊዜው «አለሁ» የምትል አጭር ምልክት ይልካል። ፊኒክስ በተባለው የታወቀ የድረ ገጽ መሥሪያ ለምሳሌ ስልኩ በየ30 ሰከንዱ ይልካል፤ ሰርቨሩ 60 ሰከንድ ጠብቆ ምንም ካልሰማ መስመሩን ይዘጋዋል። ብዙዎች ማን እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ የሚይዙት ሬዲስ በተባለ ማኅደር ነው። ሬዲስ ለእያንዳንዱ ስም ዕድሜ ይሰጣል፤ «አለሁ» የሚለው ምልክት በመጣ ቁጥር ዕድሜው ይታደሳል፣ ካልመጣ ስሙ ራሱ ይጠፋል።

አንድ ሰው አንድ መስመር ብቻ የለውም። ነጋዴዋ በስልኳም በሱቋ ኮምፒውተርም ገብታ ይሆናል። ስልኳን ዘጋች ተብሎ ነጥቧ ከጠፋች ስህተት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ሰው መስመሮች ለየብቻ ይይዛል፤ ሰውዬው ሄደ የሚለው የመጨረሻው ሲዘጋ ብቻ ነው። ገጹን ከፍታ ሌላ ሥራ ላይ ያለች እንደሆነም ብሮውዘሩ ገጹ ከዓይን መሰወሩን ስለሚያውቅ ነጥቧን ወደ ቢጫ መቀየር ይቻላል።

ሰው ሲበዛ ሒሳቡም ይከብዳል። 1000 ሰዎች ባሉበት ገጽ ሁሉም አንድ ጊዜ ወጥተው ቢገቡ፣ የእያንዳንዱ መግባት ብቻ ለሌሎቹ ሲነገር ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ መልእክት ይሆናል። ቴሌግራም በትልልቅ ግሩፖች አናት ላይ ስንት ሰው ኦንላይን እንዳለ በቁጥር ማሳየቱ ለዚህም የሚረዳ ብልሃት ነው። ሰርቨሩ ከአንድ በላይ ሲሆን ደግሞ እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። ለዚህ የሚያግዘው፣ ፊኒክስ የቆመበት ኤርላንግ የተባለው ሥርዓት የስዊድኑ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያዎች ያዘጋጀው ነው፤ ዋትስአፕም የተነሣው በእሱ ላይ ነው። የስልክ መስመር ጠባቂዎች ዕውቀት ለድረ ገጹ ተርፏል።

ከሁሉም በላይ ማሰብ የሚጠይቀው ግን ስንት ሰከንድ ዝምታ መቅረት ይባላል የሚለው ውሳኔ ነው። ልኩ ሲያጥር ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ነጥቧም አብራ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ አምራቹ ነጋዴዋ ንግግሩን ጥላ የሄደች ይመስለዋል። ልኩ ሲረዝም የሄደን ሰው ሲጠብቅ ይውላል። መስመር በማይቋረጥበት ከተማ የተመረጠ ልክ መስመር ለሚቆራረጥበት አገር አይሆንም።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ደሴና ኮምቦልቻ ያውቁታል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ይዞ በቆየበት ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በእጃቸው የቀረው በዘመዳቸው ስም ሥር ያለው «መጨረሻ የታየው» የሚል ጽሑፍ ነበር። በ2015 ዓ.ም ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ መቋረጡ ለወራት ዘልቋል። በእነዚህ ጊዜያት መስመሩ መጥፋቱ ሰው ጠፍቷል ማለት አልነበረም፤ ምልክቷ ግን ሁለቱን ለይታ አትናገርም።

ለዚህ ነው ጥሩ መተግበሪያ «የለም» ብሎ መደምደም የሌለበት። «የመጨረሻ ምልክት የደረሰን 4፡20 ላይ ነው» ቢል እውነቱን ይናገራል። መስመሩ የተቋረጠው በተመልካቹ በራሱ በኩል ከሆነም ሁሉንም ስሞች ከማጥፋት «ኔትወርክ የለዎትም» ቢለው ከከንቱ ሥጋት ያድነዋል። የሰውየውም ፈቃድ ይከበር። ቴሌግራም መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ለሚሸሽግ ሰው በአብዛኛው የሌሎቹንም አያሳየውም፤ ሰዓቱ በተሸሸገም ጊዜ «በቅርቡ» ወይም «በሳምንት ውስጥ» የሚል ግምት ብቻ ይሰጣል። የሰው መኖር ለማን እንደሚነገር ራሱ ይወስን ማለት ትክክል ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተቋሙ ይህን የሚማር ወጣት ልኩን ከሌላ ሰው ፕሮግራም ባይቀዳ ይሻላል። ራሱ ይለካ። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን ይመዝግብ፣ ያው ሰው ሲመለስም ይመዝግብ። ይህን ለሳምንታት ሰብስቦ ከ10 መቋረጦች 9ኙ በስንት ሰከንድ ውስጥ እንደሚመለሱ ያግኝ፤ ያንን የመጠበቂያ ልኩ ያድርገው። ለገራዶ ሰው የሚሠራ ምልክት መለኪያው የገራዶ ኔትወርክ ነው።