ዮጋ፡ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እስከ ፍርድ ቤት

ዮጋ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። አሽታንጋ የሚባለውን ዓይነት የሞከረ ግን እንዲህ አይልም። ህንዳዊው ፓታቢ ጆይስ በማይሶር ከተማ ያስተማሩት ይህ ዮጋ እንቅስቃሴው ከትንፋሽ ጋር እየተያያዘ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው። ክንድ፣ ሆድና እግርን በደንብ ያሠራል፤ ላብ በላብ ያደርጋል።

ይኸው ስፖርት በካሊፎርኒያዋ ኤንሲኒታስ ከተማ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2012 የከተማዋ አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች በጆይስ ስም ከተቋቋመ ድርጅት ከ533 ሺህ ዶላር በላይ ተቀብለው ለተማሪዎቻቸው ዮጋ ማስተማር ጀመሩ። አንዳንድ ወላጆች ግን ልጆቻችን በስፖርት ስም የሂንዱ እምነት እየተማሩ ነው ብለው በ2013 ፍርድ ቤት ሄዱ። ት/ቤቶቹ የሳንስክሪት ስሞችን አስወጥተው፣ እንቅስቃሴዎቹን ልጆች በሚገባቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። ዳኛ ጆን ሜየር በዚያው ዓመት ትምህርቱ ሃይማኖት አይደለም ሲሉ ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2015 ውሳኔውን አጸና።

ለመሆኑ ተማሪው ከዮጋ ምን ያገኛል? በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 51 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንታት ክሪፓሉ የተባለውን፣ ከአሽታንጋ ለስለስ ያለውን ዮጋ ሠራ፤ ሌላው የተለመደውን ስፖርት ቀጠለ። በመጨረሻም ዮጋ የሠሩት ስሜታቸው ሲሻሻል የሌሎቹ ባሰበት። ይሁን እንጂ በ51 ተማሪዎችና በ10 ሳምንት ብቻ ዮጋ የሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም።

ጉዳትም አለው። ሰውነቱን ሳያሟሙቅ እኩል ልሁን ብሎ የሚለጠጥ ተማሪ የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይጎዳል። የእጅ አንጓና ትከሻም ይታመማሉ። በራስ ቆሞ መሥራት ደግሞ አንገት ላይ ጫና ስለሚፈጥር ያለ አሠልጣኝ የሚሞከር አይደለም። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ተማሪም አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

በሌላ በኩል በየት/ቤቱ ኳስ ስለማይችል ብቻ በስፖርት ሰዓት ዳር ቆሞ የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። ዮጋ ውስጥ ደግሞ ተጋጣሚ የለም፤ ተቀያሪ ወንበርም የለም። ለዚህ ተማሪ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ላብ የሚያወጣበት ሰዓት ማግኘቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።