ሦስት ልጆች በአንድ አምባሰል

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ወጣቶችን ዘፈን አለማምዳለሁ። ሰሞኑን ሦስት ልጃገረዶች፣ «ጋሼ፣ አምባሰልን በሦስት ድምፅ ብንዘፍነውስ?» አሉኝ። ስልካቸው ላይ ያሳዩኝ የአሜሪካዎቹን የሴት ዘፋኞች ቡድን ሱፕሪምስን ነው፤ ዳያና ሮስ፣ ሜሪ ዊልሰንና ፍሎረንስ ባላርድ መዳፋቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው።

ያችን እጅ እወዳታለሁ። የዲትሮይቱ የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውን ለልጆቹ አረማመድና አቀማመጥ ሳይቀር የምታስተምር ማክሲን ፓውል የምትባል መምህርት ነበረችው። ዓለም የያዘው ምልክት ግን በ1965 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ፣ ከቴሌቪዥን ቀረጻ በፊት፣ በቴምፕቴሽንስ የወንዶች ቡድን አባላት እርዳታ በጥድፊያ የተበጀ ነው። በዚያው የእንግሊዝ ጉዞ ከለንደን ውጭ ብዙ አዳራሾች ሳይሞሉ ቀርተዋል። ባዶ ወንበር ፊት ስንዘፍን ይህን እያሰብኩ እጽናናለሁ።

እጁ ቀላል ነው፤ ችግሩ ድምፁ ነው። የአምባሰል ቅኝት ዶ ብሎ ሲነሳ ሬ ፍላትን፣ ፋን፣ ሶልን፣ ላ ፍላትን ይረግጣል። ፈረንጅ ሦስት ድምፅ የሚያቆላልፍባት ሚ የለችም። አንዷ ዶን፣ ሌላዋ ሬ ፍላትን ስትይዝ ደግሞ ጆሮ ይቧጥጣል። ሞከርነው፤ ማሲንቆ መቺያችን ቀስቱን አስቀመጠ።

ደግሞም የቅኝቱ ጣዕም ያለው በአንድ ጉሮሮ እጥፋት ውስጥ ነው። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሰ ለረጅም ዓመታት አሜሪካ ስትኖርም ያደመጧት ወገኖቿ አምባሰልን ያወቁት በዚያች ብቻዋን በምታንጎራጉር ድምፅ ነው። በላይዋ ሌላ ድምፅ መደረብ፣ ለእኔ፣ ጥልፍ ላይ ጥልፍ ነው።

ስለዚህ ወደ አገራችን ልማድ ተመለስን፤ አንዷ ታቀነቅናለች፣ ሁለቱ ይቀበላሉ። ሱፕሪምስም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሠሩ የነበረው እንዲሁ ነው። ወዲያው «ፊት የምቆመው እኔ ነኝ» ተጀመረ! በ1967 እ.ኤ.አ. ዳያና ስሟ ከቡድኑ ስም ፊት እንደተጻፈ፣ ፍሎረንስም በዚያው ዓመት ከቡድኑ እንደወጣች አልነገርኳቸውም፤ በቂ ጠብ ነበረን። በየስንኙ እየተፈራረቁ እንዲወጡ አደረግሁ።

ያችን መዳፍ ግን አልተዉም። ትከሻቸው እስክስታውን ሲጨርስ ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ማሲንቆ መቺው ቀና ብሎ፣ «እናንተ ልጆች፣ ማንን ነው የምታስቆሙት?» አለ።