የመኪና ሪሞት ቁልፍ ሲበላሽ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ በርካታ የካርቱም ነዋሪዎች ቤትና ንብረታቸውን ጥለው ተሰደዱ። የአገሪቱ ጦር መጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ ወደ ቀያቸው የተመለሱ አሉ። እንደ አርካዊት ባሉ ሰፈሮች መኪናው ከዘረፋ ተርፎ የጠበቀው ሰው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይነካ የከረመው የሪሞት ቁልፍ ምላሽ ቢነፍገው አያስገርምም። ይህ ማለት ግን ቁልፉ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ማለት አይደለም።

ችግሩ የቁልፉ ነው ወይስ የመኪናው?

ሪሞቱ የሚልከውን መልዕክት የሚቀበለው መሣሪያ የሚሠራው በመኪናው ዋና ባትሪ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ባትሪው ስለሚያልቅ ደኅነኛ ሪሞትም በሩን ሊከፍት አይችልም። ስለዚህ በቅድሚያ በሩን በብረቱ ቁልፍ ከፍቶ የውስጥ መብራቱ መብራቱን ማየት ያስፈልጋል። መብራቱ ጨርሶ ካልበራ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የመኪናው ባትሪ ነው።

አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሥራ

በአብዛኞቹ ዘመናዊ ቁልፎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉ። አንደኛው በራዲዮ ሞገድ በር የሚከፍተውና የሚቆልፈው ሪሞት ሲሆን፣ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ሁለተኛው ሞተሩ በሌላ ቁልፍ እንዳይነሳ የሚከላከለው ቺፕ ነው። ቺፑ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ነው።

የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅም ሞተሩን ማስነሳት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተራቸው በመጫኛ በሚነሳ በርካታ መኪኖችም ቁልፉን ወደ መጫኛው አስጠግቶ ማስነሳት ይቻላል። የበሩ መክፈቻ ብረትም ብዙውን ጊዜ በሪሞቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል።

ከባትሪው መጀመር

በብዙ ሪሞቶች ውስጥ ያለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ሲአር 2032 የሚል ጽሑፍ አለው። ቁጥሩ የባትሪው ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ሲአር 2025 ስፋቱ እኩል ቢሆንም ስለሚቀጥን ሊላላ ይችላል። በመሆኑም በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ያንኑ መግዛት ይገባል።

ሽፋኑ በቀጭን ካቻቢቴ በጥንቃቄ ይከፈታል። ባትሪው ከመውጣቱ በፊት የመደመር ምልክቱ ወደየት እንደዞረ ማስታወስ ያሻል። ባትሪውን የሚነኩት ብረቶች ከዛጉ በላጲስ ቀስ አድርጎ ማጽዳት፣ ከላሉ ደግሞ በመጠኑ ማቃናት ይበቃል።

አቧራና የላላ መጫኛ

ሀቡብ የሚባለው የካርቱም የአቧራ ማዕበል ደቃቅ አፈር በጠባብ ክፍተት ሁሉ ያስገባል። አዲስ ባትሪ ገብቶም ሪሞቱ ካልሠራ ባትሪውን አውጥቶ ቦርዱን በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት አልኮል ማጽዳት፣ በደንብ ከደረቀ በኋላም መግጠም ይቻላል። ሪሞቱ የሚሠራው አጥብቀው ሲጫኑት ብቻ ከሆነ ግን መጫኛው አልቋል ወይም ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቋል። ይህ የብየዳ ካውያና የለመደ እጅ ይጠይቃል፤ የሞባይል ስልክ ጠጋኞች ሊሠሩት ይችላሉ።

ሽፋን ሲቀየር የሚደርስ ስህተት

የተሰበረ ሽፋን በአዲስ መተካት ቀላል ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ቁልፎች ቺፑ ከቦርዱ ተለይቶ በአሮጌው ፕላስቲክ ውስጥ የተወሸቀ ትንሽ ጥቁር ቁራጭ ነው። ይህን ሳያስተውሉ አሮጌውን ሽፋን መጣል መኪናውን እንዳይነሳ ያደርጋል። አዲስ ቺፕ ከመኪናው ጋር ለማስተዋወቅ ልዩ መሣሪያና ባለሙያ ስለሚያስፈልግ፣ ቺፑ ሳይገኝ ምንም ነገር መጣል የለበትም።

ለሕፃናት አደገኛ ነው

አሮጌው ባትሪ ኃይሉ ቢደክምም አደገኛነቱ አይቀርም። ሕፃን ልጅ ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። የዋጠ ልጅ ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። ያለቀውም ሆነ አዲሱ ባትሪ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።