ሐሰተኛ መታወቂያና ሕጉ

መታወቂያ ወረቀት የአንድን ሰው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ መንግሥት የሚመሰክርበት ሰነድ ነው። ይህ ምስክርነት ሐሰት ሲሆን ጉዳቱ ለማን ይተርፋል? ከሐዋሳ ከተማ አንድ ምሳሌ ወስደን እንመልከት።

በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሥራ ፍለጋ ከየገጠሩ ወደ ከተማይቱ መጥተዋል። ከሥራ ፈላጊዎቹ መካከል አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ዕድሜዋን በትክክል ብትናገር ቀጣሪ እንዳታጣ ትሰጋለች። ስለዚህ 19 ዓመት እንደሞላት የሚናገር መታወቂያ በገንዘብ ታሠራለች።

ሰዎች ሐሰተኛ መታወቂያ የሚይዙበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እንደዚህች ልጅ በችግር ተገፍቶ ነው። ሌላው ግን በሰው ስም ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት፣ የሰው ቤት ለመሸጥ ወይም ከፍርድ ለማምለጥ አስቦ ነው። ለዚህ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ የመዝገብ ጉድለት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ ልደታቸው በጊዜው አልተመዘገበም። የቀበሌ መታወቂያም ለረጅም ጊዜ በእጅ ተሞልቶ ፎቶግራፍና ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ስለነበረ ለማስመሰል አላዳገተም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 375 ሌላውን ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሲል ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀውን ይቀጣል። አንቀጽ 378 ደግሞ ሐሰተኛነቱን እያወቀ በሰነዱ የተገለገለውን ይቀጣል። ስለዚህ «ገዛሁት እንጂ እኔ አልሠራሁትም» የሚል መልስ ከተጠያቂነት አያድንም። 15 ዓመት የሞላው ወጣትም በወንጀል ይጠየቃል፤ ሆኖም ዕድሜው 18 እስኪሞላ ድረስ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይቀጠሩ ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉት ወጣት ሠራተኞች ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይና በሌሊት እንዳይሠሩ ያዛል። ልጅቱ በዕድሜዋ ላይ 3 ዓመት ስትጨምር ይህን ከለላ በገዛ እጇ አስወገደች። በሌሊት ሥራ ብትመደብና «ገና ልጅ ነኝ» ብትል መታወቂያዋ ይመሰክርባታል። ስሟንም ለውጣ ከሆነ፣ አደጋ ሲደርስባት ወላጆቿ ልጃቸው መሆኗን ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ዛሬ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ፣ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት፣ ባለ 12 አኃዙን ቁጥር ከጣትና ከዓይን አሻራ እንዲሁም ከፊት ምስል ጋር ያያይዛል። በዚህም አንድ ሰው በሁለት ስም መመዝገብ አዳጋች ሆኖበታል። ይሁን እንጂ የጣት አሻራ የተወለድንበትን ቀን አይናገርም። ያን የሚናገረው ሕፃኑ እንደተወለደ የተሞላው መዝገብ ነው። እንግዲህ ሐሰተኛ መታወቂያን ለመከላከል ቅጣት ብቻውን አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ሕፃን ልደት በጊዜው መመዝገብ አለበት።