ከጥራጊና ከገለፈት ስለሚገኝ ማገዶ

በፉሪ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከሰል ከስኳርና ከዘይት ጎን የሚሸጥ፣ ክረምት ሲገባም የሚወደድ ሸቀጥ ነው። በዚያው ሱቅ ደጃፍ ደግሞ የካርቶን ቁራጭ፣ የሙዝ ልጣጭና የበሰበሰ ቲማቲም ተከምሮ ጥራጊ ሰብሳቢዎችን ይጠብቃል። አንደኛው በገንዘብ ይገዛል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ተከፍሎበት ይወሰዳል። ሁለተኛውም ማገዶ ለመሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን በምን ሁኔታ እንደሆነ፣ ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ነው።

ከፉሪ ብዙም በማይርቀው በረጲ፣ «ቆሼ» በተባለው ስፍራ፣ የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በዳርቻው ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ከአደጋው አስቀድሞ በዚያው አጠገብ ሥራው የተጀመረው፣ ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ወጪው 120 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ሲሆን፣ በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። እሳቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ እያንዳንዳቸው 25 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያላቸውን 2 ተርባይኖች ያሽከረክራል።

ይሁን እንጂ ይህ ምድጃ እንደ ማናቸውም ምድጃ እርጥብ አይወድም። የፈላ ውሃን 1 ኪሎ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚጠፋው ሙቀት፣ 5 ኪሎ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚበቃው ይበልጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ለማንደድ ስትታገል ዓይንዋ በጢስ የተቃጠለ የቤት እመቤት ይህን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች። የከተማችን ጥራጊ አብዛኛው የምግብ ትራፊና ቅጠላ ቅጠል ስለሆነ፣ ካርቶንና ወረቀት ከሚበዛበት ከአውሮፓው ጥራጊ ይልቅ ውሃ ይበዛዋል። እንግዲህ ደረቁን ካርቶን ከበሰበሰው ቲማቲም ጋር በአንድ ጆንያ የሚጨምር ባለሱቅ፣ ማገዶ የነበረውን ነገር ራሱ አበላሽቶ ይልካል ማለት ነው። ለዩ ሲባሉ የሚቆጡ አሉ፤ ልፋቱ ግን የአንድ ተጨማሪ ጆንያ ብቻ ነው።

ላኪዎችን የሚመለከተው ደግሞ የቡናው ገለፈት ነው። ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ይህ ደረቅ ነው፤ በአንድ ስፍራም ተከማችቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ከከተማ ጥራጊ የተሻለ ማገዶ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቻችን ይህን ጥበብ ቀድመው ያውቁታል፤ ወንጂና መተሐራ የተጨመቀውን የአገዳ ገለባ በገዛ ማሞቂያቸው ሲያነዱ ኖረዋል። ከፊንጫው ሞላሰስ የወጣው ኤታኖልም በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ተቀላቅሎ መሸጥ ጀምሮ ነበር።

ገለፈቱ ከሰል የሚሆነው አየር በማይበዛበት በርሜል ውስጥ ሲከስል ነው። ከዚያ ይደቅቃል፤ በጭቃ ወይም በሞላሰስ ይለወሳል፤ በመጭመቂያ ተጠፍጥፎ በፀሐይ ይደርቃል። ብሪኬት የሚሉት ይህ ነው። ጭቃው ሲበዛ ከሰሉ ይጠነክራል፣ አመዱም ይበዛል። እንደ እንጨት ከሰል ሁሉ፣ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስላለው በተዘጋ ቤት ማንደድ ለሞት ያደርሳል፤ ሻጭ ይህን ለገዢ መንገር ይገባዋል።

ባለፈው ክረምት አሠሪዬ ከአንድ አምራች ብሪኬት በኪሎ ገዝተው ነበር። ደንበኞች ግን «አልነድ አለ» እያሉ መመለስ ጀመሩ። አንዲት ጠጅ የሚጥሉ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ጆንያውን በሸክም አምጥተው ከበር ላይ አራገፉት፤ ከዚያም ለአንድ ወር ከሌላ ሱቅ ገዙ። አንዱን ጆንያ መዝኜ ብርሃን ሲወጣ በግቢ አሰጣሁት፤ ከሳምንት በኋላ ስመዝነው ብዙ ጎድሎ አገኘሁ። የጎደለው በከሰል ዋጋ የገዛነው ውሃ ነበር። አምራቹን ስንጠይቅ «በኪሎ ተዋውለናል» የሚል መልስ ሰጠን፤ ውሉን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንሁ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ በውላችን ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሬአለሁ፤ ይኸውም ከየጭነቱ አንድ ጆንያ ተመዝኖ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተመዝኖ፣ ሒሳቡ በደረቁ ክብደት እንዲከፈል የሚል ነው። ሁለት አምራቾች ሲያነቡት ሄዱ። ሦስተኛው ፈረመ፤ ጠጅ ጣይዋም ከእርሱ ጭነት እየወሰዱ ነው።