ምርመራው ብብት ስር ይደርሳል

ጡቷ ላይ ጠጣር እብጠት አግኝታ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የደረሰች ሴት፣ ሐኪሙ ጡቷን ብቻ አይቶ አያሰናብታትም። ብብቷን ይዳስሳል፤ ከአንገቷ አጥንት በላይ ያለውንም ይፈትሻል። ከበቆጂ ትምጣ ከሳጉሬ፣ የሚፈለገው መልስ አንድ ነው፦ በሽታው ከጡት ወጥቷል?

ከጡት የሚወጣው የሊምፍ ፈሳሽ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ብብት ነው። እዚያ ባቄላ የሚያካክሉ የሊምፍ እጢዎች አሉ፤ ከእብጠቱ የተነጠሉ የካንሰር ሴሎችም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፉት በእነዚህ ነው። ሐኪሞች የተነኩትን እጢዎች ቆጥረው ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 9፣ 10 እና ከዚያ በላይ ብለው ይመድባሉ፤ ሕክምናው የሚወሰነውም ይህን ይዞ ነው።

የብብት ንፍፊት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የእጅ ቁስል ያመጣዋል፤ የሊምፍ እጢ ቲቢም በአገራችን የተለመደ ነው። በአንጻሩ በእጅ ያልተገኘ እጢ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ስለዚህ አልትራሳውንድ ይታያል፦ የእጢው ቅርፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ወይም መሐሉ ላይ ያለው ስብ ከጠፋ ያጠራጥራል። ያኔ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ብዙ መሣሪያ ስለማይጠይቅ ከትልልቅ ከተሞች ውጭም ሊሠራ ይችላል።

ቀድሞ ጥርጣሬ ባይኖርም የብብት እጢዎች በብዛት ተነቅለው ይወጡ ነበር። መዘዙ የክንድ እብጠት ነው፤ ውኃ ለምትቀዳና ገብስ ለምታጭድ ሴት ከባድ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም አርማንዶ ጁሊያኖና ባልደረቦቹ ጡት ውስጥ ሰማያዊ ቀለም እየወጉ፣ ቀለሙ ቀድሞ የሚደርስበትን እጢ ብቻ አውጥተው የመመርመርን ዘዴ አሳዩ። በ2010 ውጤቱ የታተመ፣ ከ5,600 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ያ እጢ ንጹሕ ሲሆን ሌሎቹን መተው ዕድሜ እንደማያሳጥር አረጋገጠ።

ዘዴው የሚጠቅመው ግን በብብቷ የተረጋገጠ ካንሰር ለሌለባት፣ በጊዜ ለመጣች ሴት ነው። በኢትዮጵያ በጡት ካንሰር ከሚያዙት ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምናም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከአርሲ ደጋ ለምትነሣ ታማሚ ይህ ሩቅ ጉዞ ነበር።

እብጠቱ ስለማያም ብዙዎች ይታገሡታል። ጡቷን የምትዳስስ ሴት እጇን ወደ ብብቷም ትላክ። ሳይጠፋ የሰነበተ እብጠት ካገኘች፣ ባያማትም፣ በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታሳይ።